ዓድዋ በቆርኪ፦ ቤት ውስጥ የተጻፈ የጦርነት ጨዋታ ሕግ እንዴት ይፈተናል?

«የጦርነት ጨዋታ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን በኮምፒውተርና በስልክ ስክሪን ላይ የሚተኮሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ግን ሌላ ዓይነት ነው። ጠረጴዛ ላይ ትናንሽ የወታደር ምስሎች ይደረደራሉ፤ ተራራው፣ ወንዙና መንደሩ በተገኘው ነገር ይሠራል። ከዚያ ሁለት ሰዎች ወይም ሁለት ቡድኖች በሜትር እየለኩ ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ተኩሱ መታ ወይስ ሳተ የሚለውን ደግሞ ዳይስ ይወስናል። ጦርነቱም እንዲያው የተፈጠረ ሳይሆን በታሪክ የተደረገ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች ሞልተዋል፤ ምስሉም፣ የምስሉ ቀለምም፣ የታተመ ሕግም በገበያ ይሸጣል። እኛ ዘንድ ግን እምብዛም አልተለመደም።

ታዲያ የጋዜጠኝነት ተማሪን ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ሰው በጻፈው ሕግ አይረኩም፤ የራሳቸውን ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ ሕግ ደግሞ ከሁሉ በፊት ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው አጠገቡ ሳይኖር ሌላ ሰው አንብቦት ሊሠራበት ይገባል። ዜና አንባቢ ስልክ ደውሎ «እዚህ ጋ ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» እንደማይለን ሁሉ ማለት ነው። ሕጉ ይህን ማለፍ አለማለፉ የሚታወቀው በጓደኞች መካከል በሚደረግ የሙከራ ጨዋታ ሲሆን፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱው ሙከራ ነው።

በመጀመሪያ ትንሽ ታሪክ። ነገሩ የተጀመረው ለመዝናኛ አልነበረም። በፕሩሺያ ፎን ራይስቪትስ የተባሉ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1812 አንድ የጦርነት መለማመጃ ጠረጴዛ ለንጉሡ አቀረቡ። ልጃቸው የመድፈኛ መኮንን ነበርና የአባቱን ሥራ አሻሽሎ በ1824 ሕጉን አሳተመ። ጨዋታው በ1 ለ8,000 ልኬት በተሠራ ካርታ ላይ የሚደረግ ሲሆን አንድ ዙር የሁለት ደቂቃን ውጊያ ይወክላል። ከሁለቱ ተጫዋቾች ሌላ ዳኛ አለ። ተጫዋቾቹ ትዕዛዛቸውን ጽፈው ለዳኛው ይሰጣሉ፤ ዳኛው ደግሞ ሜዳ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ሊያዩት የሚችሉትን ብቻ ያሳያቸዋል። ይህን ዳኛ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል። ከጊዜ በኋላ ስሌቱና ሠንጠረዡ በዛ የሚሉ መኮንኖች ተነሡ። ፌርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለው መኮንን እ.ኤ.አ. በ1876 ዳይሱም ሠንጠረዡም ይቅርና ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ ፍርድ ይወስን የሚል ሐሳብ ይዞ ወጣ።

ጨዋታውን ከመኮንኖች ክፍል አውጥተው ወደ ሳሎን ካስገቡት ሰዎች መካከል ዝነኛው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ነው። «ሊትል ዎርስ» የተባለው መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1913፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊነሣ አንድ ዓመት ሲቀረው ነበር። እኔን የሳበኝ ሕጉ ራሱ ሳይሆን ሕጉ እንዴት እንዳደገ የተረከበት ክፍል ነው። መጀመሪያ በሞላ ጥይት በሚተፋ የአሻንጉሊት መድፍ የእርሳስ ወታደሮችን መጣል ብቻ ነበር፤ ይኸው ነው ጨዋታው። ቀጥሎ ወታደሮቹ የሚደበቁበት ነገር አማራቸውና ወለሉ ላይ የኢንሳይክሎፒዲያ ቅጾችን ደረደሩ። መደበቂያ ሲኖር ጊዜ መንቀሳቀስ መጣ፤ እግረኛ በአንድ ተራ እስከ አንድ ጫማ፣ ፈረሰኛ እስከ ሁለት ጫማ (60 ሳንቲ ሜትር ያህል) እንዲሄድ ተወሰነ። ተጫዋች ሲያስብ ሲያስብ ሰዓት ስለሚፈጅ የተራ ሰዓት ተገደበ። መድፍ ብቻውን ቆሞ እየተኮሰ ሲያስቸግር ደግሞ አጠገቡ ቢያንስ አራት ሰው ከሌለ አይተኩስም ተባለ። ልብ በሉ፣ እያንዳንዱ ሕግ የገባው ተቀምጦ በማሰብ ሳይሆን ሲጫወቱ አንድ ነገር ስላስቸገራቸው ነው።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ ልምጣ። አራት ነን። ሕጉን የጻፈው የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪ ነው። አንዷ ሒሳብ የምታጠና ናት። ሦስተኛው የጸሐፊው ታናሽ ወንድም ሲሆን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ስለ እሱ ኋላ እናገራለሁ። እኔ መዝጋቢ ነበርኩ። የተመረጠው ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው የዓድዋ ጦርነት ነው። የቀለም ምስል ማስመጣት አቅማችን ስላልሆነ ሰፈር ካለ ግሮሰሪ ቆርኪ ለቀምን። አንድ ቆርኪ 500 ሰው ይወክላል። የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር 17,700 ያህል ስለሆነ 35 ቆርኪ ሆነ፤ የኢትዮጵያን ጦር ብዙ ጸሐፊዎች ወደ 100,000 ስለሚገምቱት 200 ቆርኪ። የጣሊያን 56 መድፎች በሰባት የክብሪት ቀፎ ተወከሉ፤ አንዱ ቀፎ ስምንት መድፍ ማለት ነው። ተራራው ከመጻሕፍት በላይ የተዘረጋ ብርድ ልብስ ነው። ርቀት የምንለካው በልብስ ሰፊ ሜትር ሲሆን አንድ ሳንቲ ሜትር 50 ሜትር ነው። አንድ ዙር ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት 12 ዙር ይሆናል።

የሙከራው የመጀመሪያ ደንብ ከባድ ነበር፦ ጸሐፊው ዝም ይበል። ስድስት ገጽ ሕጉ ለሁለቱ ተጫዋቾች ይሰጣል፤ እነሱ አንብበው ይጫወታሉ፤ እሱ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ቢጠየቅም አይመልስም። ጥያቄውን እኔ ቃል በቃል እጽፋለሁ፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በመሰላቸው ይፈታሉ፣ እንዴት እንደፈቱትም ይመዘገባል። ልጁ የተቸገረው ችግር! ሁለት ጊዜ «ኧረ እንደዚያ አይደለም!» ብሎ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተቀመጥ ተባለ። እናቱ ቡና ይዘው ሲገቡ «ይሄን ልጅ ምን አርጋችሁት ነው አፉን የያዘው?» አሉን።

ግን ዝምታው የሰጠን ነገር ብዙ ነው። ሕጉ «ከጠላት አጠገብ የደረሰ ጦር መተኮሱን ትቶ በጨበጣ ይዋጋል» ይላል። አጠገብ ማለት ምን ማለት ነው? የተነካካ? ሁለት ሳንቲ ሜትር? አንደኛዋ የተነካካ ብላ ወሰደችው፤ ሌላው የሦስት ጣት ርቀት አለ። በዚህ አንድ ቃል ብቻ ሩብ ሰዓት ተጨቃጨቁ። ጸሐፊው ጭንቅላት ውስጥ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ አለ፤ ወረቀቱ ላይ የለም። ሌላ ቦታ «ከጎኑ የተመታ ጦር እጥፍ ጉዳት ይደርስበታል» የሚል አለ። ይህን ሲያነቡ ልጁ ቆርኪውን አነሣና አገላብጦ እያየ «ጎኑ የቱ ነው?» አለ። እውነቱን ነው፤ ቆርኪ ክብ ነው፣ ፊትም ጀርባም የለውም። ወደ ኋላ ይሸሻል የሚለው ሕግም በዚሁ ወደቀ። እንዲህ ያለውን ነገር አሥር ጊዜ ቢያነቡት አይታይም፤ ዕቃው እጅ ላይ ሲሆን ብቻ ነው የሚታየው። መፍትሔው ቀላል ሆነ፦ በእያንዳንዱ ቆርኪ ላይ በጥፍር ቀለም አንድ መስመር ተሠመረ፤ መስመሩ ያለበት ፊት ነው።

ሁለተኛው የተመዘገበው ነገር ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ በ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ውስጥ ከ12ቱ ዙር አራቱ ብቻ ተጠናቀቁ። 200 ቆርኪ አንድ በአንድ ማንቀሳቀስና ለእያንዳንዱ ዳይስ መጣል የሰው ትዕግሥት የሚችለው አይደለም። አራት አራቱ በአንድ ካርቶን ላይ ተለጠፉ፤ የኢትዮጵያ ጦር 50 ካርቶን፣ የጣሊያን ዘጠኝ ያህል ሆነ። አንድ ካርቶን ሲተኩስ አራት ዳይስ ይጥላል፤ 5 ወይም 6 የወጣው መታ ማለት ነው። የሒሳብ ተማሪዋ እዚያው አሰላችው፦ በአማካይ በአንድ ተኩስ ከአንድ ትንሽ የሚበልጥ ምት ይገኛል፣ ምንም ያለመምታት ዕድሉ ደግሞ ከ81 16 ነው፤ ማለትም ከአምስት ተኩስ አንዱ ባዶ ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ያለበለዚያ ሁለት ጊዜ በተከታታይ የሳተ ተጫዋች ሕጉ ተበላሽቷል ብሎ ይጮኻል።

ከእሷ የተማርነው ሌላም አለ። ሦስቱም የመጀመሪያ ጨዋታዎች በአንድ ወገን አሸናፊነት ሲያልቁ ሕጉ ያዳላል ለማለት ቸኩለን ነበር። እሷ ግን «ቆይ» አለች። ፍጹም እኩል በሆነ ጨዋታ፣ ሳንቲም እንደመወርወር ማለት ነው፣ ሦስቱንም አንድ ወገን የማሸነፉ ዕድል ከአራት አንድ ነው። አምስቱንም ቢሆን ከ16 አንድ ነው። ስለዚህ ሦስት ጨዋታ ስለ ሚዛን ብዙ አይናገርም። የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እዚህ ላይ ነው።

ሦስቱንም ያሸነፈው ጣሊያን ነበር።

ክፍሉ ውስጥ የነበረውን መገመት አያዳግትም። ታናሽየው «ዓድዋ ላይ ጣሊያን ካሸነፈ ጨዋታው ምኑ ነው?» ብሎ ቆርኪዎቹን በእጁ ጠርጎ ሊሰበስብ ሲል ነው የያዝነው። ከዚያ ሐሳብ ቀረበ፦ ለኢትዮጵያ ወገን በእያንዳንዱ ዳይስ ላይ አንድ ይጨመር። ለምን? «ለወኔ» ተባለ። ለጊዜው ሁላችንም የተስማማን መሰለ። ተቃውሞው የመጣው ከራሱ ከጸሐፊው ነው። እንዲህ አለ፦ «አንድ ከጨመርን ሁልጊዜ እናሸንፋለን። ሁልጊዜ ካሸነፍን ደግሞ ፊታውራሪ ገበየሁ ለምን ሞተ? እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ ውሃው ይያዝ ብለው መምከራቸው ምን ጥቅም ነበረው? ዳይሱ ያሸንፍ አልነበር?» እኔ በዚህ ክርክር ከእሱ ጋር ነኝ። ድሉን በሕግ ማደል ድሉን ማርከስ ነው። ሊሸነፉ ይችሉ የነበሩ ሰዎች አሸነፉ ማለትና ማሸነፋቸው አስቀድሞ የተጻፈ ነበር ማለት በጣም የተለያየ ታሪክ ነው።

ውጤቱ ስላላማረ ብቻ ሕግን መነካካት ከባድ መዘዝ እንዳለው የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከጃፓን አለ። እ.ኤ.አ. በ1942 የጃፓን ባሕር ኃይል ከሚድዌይ ዘመቻ በፊት በጠረጴዛ ላይ ልምምድ አድርጎ ነበር። መኮንኖቹ ከጦርነቱ በኋላ በጻፉት ትዝታ መሠረት፣ በዳኛው ዳይስ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ዘጠኝ ምት አግኝተው ሁለት የጃፓን አውሮፕላን ጫኝ መርከቦች ሰጠሙ። ልምምዱን የመሩት አድሚራል ኡጋኪ ግን ምቱ ሦስት ብቻ ነው ብለው ሻሩት፤ ከሰጠሙት አንዷም ዳነች፤ ሌላዋም ቆይታ ለሚቀጥለው ልምምድ «ተነሣች»። በሰኔ ወር በእውነተኛው ውጊያ የጃፓን አራት አውሮፕላን ጫኝ መርከቦች ሰጠሙ። አንዳንዶች ልምምዱ ያን ያህል ትንቢት አልነበረም ብለው ይከራከራሉ፣ ሊሆንም ይችላል። ለእኛ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ዘጠኙ ሦስት የሆነበት ምክንያት ምን ነበር? ምክንያቱ የአውሮፕላን ጉዳይ ከሆነ ደግ፤ ደስ አለማለት ብቻ ከሆነ ግን ጨዋታው እዚያ ላይ አብቅቷል።

ስለዚህ ወደ ማስታወሻዬ ተመለስን። ማን አሸነፈ የሚለውን ትተን በምን አሸነፈ ብለን አነበብን። ሦስቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ የጣሊያን ተጫዋች አራቱን ብርጌዶች አንድ ላይ አሰባስቦ ኮረብታ ላይ ቆመ፤ መድፉን ፊት አደረገ፤ ኢትዮጵያ እየመጣች በተኩስ አለቀች። የዓድዋ ዕለት የሆነው ግን ይህ አይደለም። ባራቲየሪ የካቲት 22 ማታ ጦሩን በሌሊት አንቀሳቀሰ፤ በእጁ ያለው ንድፍ ካርታ የተሳሳተ ነበር። አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ ፍለጋ ከሌሎቹ በኪሎ ሜትሮች ርቆ ወጣ። ዳቦርሚዳ ደግሞ እሱን ይረዳል ሲባል በስተቀኝ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ። አሪሞንዲ መካከል ቀረ፣ ኤሌና ከኋላ ተጠባባቂ ነበር። ኢትዮጵያውያኑ የተበታተነውን ጦር ተራ በተራ አገኙት። በቀኑ መጨረሻ አልቤርቶኔ ተማርኮ፣ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞተው ነበር።

የእኛ ተጫዋች ይህን ስሕተት ለምን ይሠራል? ጠረጴዛውን ከላይ ያያል! የተሳሳተ ካርታ የለውም፣ ሌሊት የለበትም። ደግሞስ ለምን ከኮረብታው ይወርዳል? ባራቲየሪ እኮ በደኅና ይዞታ ለብዙ ቀን ተቀምጦ ነበር፤ ያስነሣው ስንቁ ማለቁ፣ ከሮም ክሪስፒ በቴሌግራም መጎትጎታቸውና የራሱ ጄኔራሎች እንግጠም ማለታቸው ነው። የምኒልክም ሠራዊት ቢሆን ስንቅ አልቆበት ሊበተን ተቃርቦ ነበር። ሕጉ ውስጥ ሌሊትም ረሃብም አልነበሩም። ስለ ጠመንጃው ርቀት ገጽ ተኩል ተጽፎ ስለ ረሃብ አንድ መስመር የለም።

እዚህ ላይ ነው የፕሩሺያው ዳኛ የመጣልን። በአዲሱ እትም የጣሊያን ተጫዋች ከጨዋታው በፊት እያንዳንዱ ብርጌድ የት ማደር እንዳለበት በወረቀት ይጽፋል። ወረቀቱን ለዳኛ ይሰጣል። ዳኛው ለእያንዳንዱ ሁለት ዳይስ ይጥላል፦ ከ6 እስከ 8 ከወጣ ብርጌዱ የታዘዘበት ደረሰ፤ ከዚያ ካነሰ ወይም ከበለጠ ቁጥሩ በራቀ መጠን ይስታል። በሁለት ዳይስ ከ36 ውጤቶች ከ6 እስከ 8 የሚሰጡት 16 ናቸው፤ ስለዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ብርጌድ በሆነ መጠን ይሳሳታል፣ እጅግ የሚርቀው ግን ጥቂት ነው። ተጫዋቹ ጦሩ የት እንዳለ የሚያውቀው ሲነጋ፣ እሱም በዓይን ርቀት ያለውን ብቻ ነው። ኢትዮጵያም ወገን እንዲሁ።

ይህን በምናስብበት ጊዜ የድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ተነሥቶ ነበር። በእሱ ጨዋታ የመጀመሪያው ምዕራፍ «ወረራ» ይባላል፤ አንድ ሠራዊት እስኪገደል ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠባበቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። አንዳችን የተቃራኒውን እጅ እያየ የራሱን ይለውጣል። ለመጀመሪያው የንጋት ዙር ወረራን እንሞክረው ብለን ሞከርነው፤ በቆርኪ ላይ ግን ትርምስ ሆነ፣ ብርድ ልብሱም ተጎትቶ አንድ ተራራ ፈረሰ። ተተወ። ግን ሐሳቡ መጥፎ አይመስለኝም፤ ለፈረሰኛ ግጥሚያ ቢሆን ይሠራ ይሆናል።

በሌሊቱ ሕግ ከተጫወትናቸው አራት ጨዋታዎች ኢትዮጵያ ሦስቱን አሸነፈች። እኛን ያስደሰተን ቁጥሩ አልነበረም (በአራት ጨዋታ ምን ይባላል?)፤ ማስታወሻው ነበር። «ግራው ብርጌድ ብቻውን ተያዘ፤ መሀሉ ሊረዳው ሲወርድ በሚሸሹት ተደናቀፈ» ይላል አንዱ። በአራተኛውም ጨዋታ ጣሊያን ያሸነፈው ብርጌዶቹ ባጋጣሚ ተቀራርበው ስለነጋላቸው ነው። ይህን ሽንፈት ታናሽየውም ተቀበለው፤ «ዕድላቸው ነው» አለና በቃ።

ስለ ታናሽየው እናገራለሁ ብዬ ነበር። በሙከራ ጨዋታ እንደ እሱ ያለ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ሕጉን የሚያነበው ለመከተል ሳይሆን ቀዳዳ ለመፈለግ ነው። «ካርቶን እንዳይነጣጠል የሚል የለም» ብሎ ጦሩን ሁሉ አንድ አንድ ቆርኪ አድርጎ በተነውና የጣሊያን መድፍ ለእያንዳንዷ ቆርኪ አንድ ሙሉ ተኩስ እንዲያባክን አደረገ። ተናድደን ነበር። ግን እሱ ባያገኘው ሌላ እንግዳ ተጫዋች ያገኘው ነበር። ጓደኛሞች ብቻ ሲጫወቱ ይሉኝታ ሕጉን ይሸፍነዋል፤ እንደ እሱ ያለ ይሉኝታ ቢስ ይገልጠዋል።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ መሞከር ለሚፈልግ ይጠቅመው ይሆናል። ከጨዋታ ወደ ጨዋታ አንድ ሕግ ብቻ ይለወጣል፤ ሦስት ከተለወጠ የትኛው ምን እንዳደረገ አይታወቅም። እያንዳንዱ እትም ቁጥርና ቀን ይጻፍበታል፤ የድሮው ወረቀት ይሰበሰባል፣ ያለበለዚያ ሁለት ሰው በሁለት ሕግ ይጫወታል (ይህ ሁለት ጊዜ ደርሶብናል)። መዝጋቢው አይጫወትም። የሆነውንና ስለሆነው የተሰጠውን አስተያየት በተለያየ ዓምድ ይጽፋል፤ ይህን እንኳ እኛ ክፍል ውስጥ የምንማረው ነው።

ያልተፈታው የዓድዋን ታሪክ የሚያውቅ ተጫዋች ጉዳይ ነው። የሚያውቅ ሰው አልቤርቶኔን ፊት አይሰድም። ለዚህ ስሙን ሁሉ ቀይረን፣ ኮረብታውን በቁጥር፣ ጦሩን ቀይና ቢጫ ብለን ለሁለት የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ሰጠን። በሁለተኛው ዙር አንደኛዋ ጠረጴዛውን አየችና «ይሄ ዓድዋ አይደል እንዴ?» አለች። አገር ውስጥ ይህን ጦርነት መደበቅ አይቻልም መሰለኝ። የስንቁ ሕግም ገና ነው። አሁን ባለው እትም ማንም ሳይዋጋ 12 ዙር ቢያልፍ ሁለቱም ይሸነፋሉ ይላል፤ የሒሳብ ተማሪዋ ይህ ለተከላካዩ ያደላል ባይ ናት፣ ጸሐፊው ደግሞ አይ ይላል።

ሰባተኛው እትም አራት ገጽ ሆኗል። ከፈተና በኋላ ሕጉን አይተው የማያውቁ ሁለት ልጆች ይጫወቱታል። እኔ እመዘግባለሁ፤ ጸሐፊው በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ እንዳይገኝ ተወስኗል።